ትንፋሽን የሚከተል ምስል ለጨረር ሕክምና፦ የፋንተማችን ኳስ መጋጠሚያው ላይ ለምን ይቆረጣል?

ቦርከና፣ ኮምቦልቻ

ሰላም ለዚህ ቤት። የሳንባና የጉበት ዕጢ ከትንፋሽ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች ይላል። ለጨረር ሕክምና ዕቅድ የሚነሣው ሲቲ ይህን እንቅስቃሴ በየደረጃው ለይቶ ካላሳየ፣ ወይ ዕጢው ከጨረሩ ይወጣል፣ ወይ ጤነኛው ሳንባ ያለ ጥፋቱ ይቃጠላል። 4ዲ ሲቲ የመጣው ለዚሁ ነው። እኛ የምንሠራው በሕመምተኛ ላይ ሳይሆን እዚሁ ኮምቦልቻ ወርክሾፕ ውስጥ ባሠራነው የሚንቀሳቀስ ፋንተም (በሰው አካል ምትክ የሚነሣ መሞከሪያ) ላይ ነው።

የፋንተሙ ዝርዝር፦ 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የአክሪሊክ ኳስ በሳንባ ምትክ በተደረገ ቡሽ ውስጥ ተቀብሯል። የሚገፋው ኔማ 17 ስቴፐር ሞተር ነው። ጥምዝ ዘንጉ በአንድ ዙር 8 ሚሊሜትር ይሄዳል፤ ሞተሩ በአንድ ዙር 200 እርምጃ አለው፤ ድራይቨሩ 1/16 ማይክሮስቴፕ ላይ ነው፣ ማለትም አንዱን እርምጃ ለ16 ይከፍለዋል፤ ትዕዛዙ የሚመጣው አርዱይኖ ኡኖ ከሚባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ነው፣ አክሰልስቴፐር በሚባለው ላይብረሪ። ጉዞው 20 ሚሊሜትር፣ ዑደቱ 4 ሰከንድ ነው። የእንቅስቃሴው ቅርጽ ኮሳይን አራት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው ኩርባ ነው፤ እንደ ሰው ትንፋሽ፣ አየር ወጥቶ ባለቀበት ጫፍ ላይ ረዘም አድርጎ ይቆያል።

ስካነሩ ባለ 16 ስላይስ የምርመራ ሲቲ ነው፤ የ4ዲ ሶፍትዌር የለውም። ስለዚህ ሲኔ አድርገን እናነሣለን፦ ጠረጴዛው ይቆማል፣ ጋንትሪው (ጨረር የሚለቀው የስካነሩ ቀለበት) በአንድ ቦታ ለ4 ሰከንድ ይዞራል፣ ከዚያ ጠረጴዛው 20 ሚሊሜትር ይሄዳል። አንዱ ዙር 0.5 ሰከንድ ይወስዳል። ምስሎቹን በአርዱይኖው ሰዓት ወደ 10 ፌዝ (የትንፋሽ ዑደት ደረጃ) እንደለድላለን።

የሚታየው ችግር፦ በየ20 ሚሊሜትሩ መጋጠሚያ ላይ ኳሱ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ግማሹ ከግማሹ አይገጥምም። አንዳንድ ፌዝ ላይ ደግሞ እንደ እንቁላል ተለጥጦ ከነጥላው 38 ሚሊሜትር ይደርሳል። ከዚህ ሌላ፣ በነጻ የተለቀቀ የኮን ቢም ሲቲ (በጨረር ሕክምና ማሽኑ ላይ በሰፊ ጨረር የሚነሣ ሲቲ) መረጃ ወስደን አርቲኬ በሚባለው ክፍት ሶፍትዌር 10 ፌዝ አድርገን ስንሠራው ምስሉ በሙሉ በጭረት ይሞላል።

ጥያቄያችን የቅደም ተከተል ነው። ፌዙን ወደ 20 እናሳድግ? አልጎሪዝሙን እንቀይር? ወይስ በዲፕ ለርኒንግ ጭረቱን እናጽዳ?

ሐረጎ

ከሦስቱ አንዱንም ገና አትንኩ። መጀመሪያ ሰዓቱን አስተካክሉ። የጻፋችሁት አብዛኛው ችግር ከአልጎሪዝም በፊት ያለ ነው፤ ቁጥሮቹን ላሳያችሁ።

ሲኔ ሲነሣ በእያንዳንዱ የጠረጴዛ ቦታ የሚፈለገው ጊዜ አንድ ሙሉ የትንፋሽ ዑደትና አንድ ተጨማሪ የጋንትሪ ዙር ነው። አንድ ምስል የሚሠራው ከ0.5 ሰከንድ መረጃ ስለሆነ፣ የምስሉ እውነተኛ ጊዜ የዚያ ግማሽ ሰከንድ መካከል ነው። 4 ሰከንድ ካነሣችሁ የመጀመሪያው ምስል 0.25ኛው ሰከንድ ላይ፣ የመጨረሻው 3.75ኛው ላይ ይውላል። የሸፈናችሁት 3.5 ሰከንድ ብቻ ነው። የቀረው 0.5 ሰከንድ ከአንድ ፌዝ ይበልጣል፣ አንዱ ፌዝ 0.4 ሰከንድ ነውና። ያ ክፍተት በእያንዳንዱ የጠረጴዛ ቦታ የተለያየ ፌዝ ላይ ይወድቃል። ደልዳዩ ፕሮግራም ባዶ ሲያገኝ ከጎረቤት ፌዝ ይበደራል፤ ኳሱም መጋጠሚያው ላይ ይቆረጣል። 4.5 ሰከንድ ዝቅተኛው ነው፤ 5 አድርጉት። 20 ሴንቲሜትር ርዝመት ለማንሣት 10 ቦታ ነው፣ 50 ሰከንድ ጨረር፣ በመካከል የጠረጴዛው ጉዞ ሲጨመር ከአንድ ደቂቃ ትንሽ ያልፋል። ከዚያ በፊት የቱቦውን ሙቀት ስክሪኑ ላይ እዩ።

ሄሊካል (ጠረጴዛው ሳይቆም እየሄደ የሚነሣው) የሚሻል መስሏችሁ ፒች (ጠረጴዛው በአንድ ዙር የሚሄደው ከጨረሩ ስፋት አንጻር) ዝቅ ለማድረግ እንዳትሞክሩ እዚህ ላይ ልጨምር። ሕጉ ያው ነው፦ ፒች ከዙሩ ጊዜ ለዙሩና ለዑደቱ ድምር ሲካፈል ከሚገኘው መብለጥ የለበትም። ለእናንተ 0.5 ለ4.5፣ ማለትም 0.11 ነው። በ6 ሰከንድ አንዴ ለሚተነፍስ ሕመምተኛ 0.077 ይሆናል። የልብ ፕሮቶኮል ላይ የሚገኘው 0.2 አካባቢ ያለው ፒች እያንዳንዱን ነጥብ 2.5 ሰከንድ ብቻ ስለሚያየው ለትንፋሽ አይበቃም።

እንቁላሉ ግን ስሕተት አይደለም፤ ፊዚክሱ ራሱ ነው። በእናንተ ኩርባ ኳሱ በጣም በሚፈጥንበት ቦታ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ሚሊሜትር ይደርሳል። በ0.5 ሰከንድ ውስጥ 9.7 ሚሊሜትር ይሄዳል። አየር ወጥቶ ባለቀበት ጫፍ ላይ ግን በዚያው ግማሽ ሰከንድ የሚሄደው ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ በታች ነው፤ አየር በተሳበበት ጫፍ 1.5 ሚሊሜትር። ስለዚህ የማስወጫው ጫፍ ምስል ንጹሕ፣ መካከሉ ብዥ ያለ ይሆናል፤ ማንኛውም ስካነር ላይ እንዲሁ ነው። ስካነራችሁ በግማሽ ዙር መረጃ ምስል መሥራት ከፈቀደ ጊዜው ወደ 0.3 ሰከንድ ይወርድና ብዥታው 6 ሚሊሜትር ይሆናል። ፌዙን 20 ብታደርጉት ግን እያንዳንዱ 0.2 ሰከንድ ይሆናል። ምስሉ ራሱ 0.5 ሰከንድ የሚፈጅ ሆኖ ሳለ 20 ስም ብትሰጡት ያው አንዱ ብዥታ ሁለት ጊዜ ይታያል እንጂ ዝርዝር አይጨምርም።

አንድ ጥንቃቄ፦ የኳሱን ርዝመት በግማሽ ጥግግት መስመር ብቻ አትለኩ። በአንድ አቅጣጫ የሚለጠጥ ብዥታ ሁለቱን ጠርዞች እኩል ስለሚያሰፋቸው ግማሹ ላይ የተለካው ርዝመት 30 ሆኖ ይወጣና “ጥሩ ነው” ትላላችሁ። ከ10 በመቶ እስከ 90 በመቶ ያለውን የጠርዝ ስፋት ለኩ፤ ብዥታው የሚገለጠው እዚያ ነው።

ጦሳ ሥር፣ ደሴ

ሐረጎ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ ግን ፋንተሙን ራሱን እጠረጥራለሁ። አሠራሩን ቁጠሩት፦ 200 እርምጃ በ16 ሲባዛ 3200፣ ለ8 ሚሊሜትር ሲካፈል በአንድ ሚሊሜትር 400 ምት ነው። በሰከንድ 20 ሚሊሜትር ለመሄድ ከ8000 በላይ ምት በሰከንድ ያስፈልጋል። አክሰልስቴፐር ኡኖ ላይ በአስተማማኝ የሚያወጣው 4000 ገደማ ነው። ስለዚህ ፋንተማችሁ በኩርባው ቁልቁለት ላይ የታዘዘውን ያህል አይፈጥንም፤ ወደ ኋላ ይቀርና ጫፉ ላይ ይደርስበታል፣ ወይም 20 ሚሊሜትሩን ሳይጨርስ ይመለሳል። እናንተ ግን ምስሉን የምታወዳድሩት ከታዘዘው ኩርባ ጋር ነው።

ድራይቨሩን ወደ 1/4 አውርዱት። በሚሊሜትር 100 ምት ይሆናል፤ አንዱ ምት 0.01 ሚሊሜትር ነው፣ ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ። ከፍተኛው ፍጥነት ላይ የሚፈለገው ወደ 2000 ምት በሰከንድ ይወርዳል። 1/8 ልክ 4000ው ድንበር ላይ ስለሚያቆማችሁ አትመኑት።

ሁለተኛው ሰዓቱ ነው። ኡኖ ላይ ፕሮሰሰሩን የሚመራው ሴራሚክ ሬዞኔተር እንጂ ክሪስታል አይደለም፤ ስሕተቱ እስከ 0.5 በመቶ ይደርሳል። ትንሽ ይመስላል፤ ግን በ60 ሰከንድ ውስጥ 0.3 ሰከንድ ነው። ፌዛችሁ 0.4 ሰከንድ ነው። ስካኑ ሲጀመር ልክ የነበረው ድልደላ ስካኑ ሲያልቅ አንድ ፌዝ ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። የመጀመሪያዎቹ መጋጠሚያዎች ደህና ሆነው የመጨረሻዎቹ እየባሱ ከሄዱ ምክንያቱ ይህ ነው፤ አሁኑኑ ምስሎቻችሁን ከፍታችሁ እዩት።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዲኤስ 3231 የሚባለውን የሰዓት ሞጁል ጨምሩ፤ ስሕተቱ ከሚሊዮን ሁለት ነው። ከዚያ የአርዱይኖውን ሰዓት ከሲቲው ሰዓት ጋር በሁለት ነጥብ እሰሩ እንጂ በአንድ አይደለም። ጋንትሪው ላይ ጨረር ሲለቀቅ የሚበራ መብራት አለ። ፎቶዳዮድ በጥቁር ፕላስተር መብራቱ ላይ ለጥፉና ምልክቱን ከሞተሩ ቦታ ጋር በአንድ ፋይል መዝግቡ። በሲኔ እያንዳንዱ የጠረጴዛ ቦታ አንድ መብራት ስለሆነ 10 ማሰሪያ ነጥብ ታገኛላችሁ፤ መንሸራተቱን በቀጥታ መስመር ማረም ይቻላል። የማሽኑን ሽፋን መክፈት አያስፈልግም፣ አይገባምም።

ዳይኮም በሚባለው የሕክምና ምስል ፋይል ላይ ያለው የምስል ጊዜ የዙሩ መጀመሪያ ይሁን መካከሉ እንደ አምራቹ ይለያያል። ልዩነቱ 0.25 ሰከንድ ስለሆነ በግምት አይታለፍም። ማወቂያው ይህ ነው፦ ፋንተሙን በአንድ የጠረጴዛ ቦታ ብቻ ለ20 ሰከንድ አንሡት፣ በየምስሉ የኳሱን ክብ ስፋት አስሉ፣ ከሞተሩ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ኩርባዎቹ በ0.25 ሰከንድ ከተዛነፉ መልሱ ተገኘ።

ስለ ሜካኒኩ ሁለት ነገር ብቻ። የዘንጉ ዳዶ ልል ከሆነ አቅጣጫ በተቀየረ ቁጥር ጥቂት አሥረኛ ሚሊሜትር ይጠፋል፤ በስፕሪንግ የሚወጠር ዳዶ አድርጉለት። ሞተሩና ዘንጉ ብረት ስለሆኑ ከሚነሣው ቦታ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ይራቁ፤ ኳሱን የሚገፋው ረጅም የፕላስቲክ በትር ይሁን። አለዚያ ጭረቱ ከብረቱ ይሁን ከድልደላው መለየት አትችሉም።

መስኖ

የኮን ቢሙን ጥያቄ ማንም አልነካውም፤ እኔ ልሞክር።

ሊናክ (የጨረር ሕክምና ማሽኑ) ላይ ያለው የኮን ቢም ጋንትሪ በአንድ ደቂቃ አንዴ ይዞራል እንበል፤ በሰከንድ 11 ፕሮጀክሽን (ከአንድ አቅጣጫ የሚነሣ የራጅ ምስል) ቢያነሣ 660 ይሆናል። ለ10 ሲካፈል በፌዝ 66 ነው። ብዙ ሰው “66 ፕሮጀክሽን ስላነሰ ነው ጭረቱ” ይላል። ዋናው ችግር ግን ቁጥሩ ሳይሆን አሰላለፉ ነው። በ4 ሰከንድ ዑደት ሕመምተኛው በደቂቃ 15 ጊዜ ይተነፍሳል። የአንድ ፌዝ ፕሮጀክሽኖች 15 ቦታ ላይ ተጨናንቀው፣ አራት አምስት እየሆኑ ተደርድረው፣ በመካከላቸው 24 ዲግሪ ያህል ባዶ ነው። የካሜራውን ፍጥነት በእጥፍ ብታሳድጉት በየጭብጡ አሥር ይሆናሉ እንጂ ባዶው አይጠብም። ባዶውን የሚሞላው የትንፋሽ ብዛት ብቻ ነው። ጋንትሪው በ4 ደቂቃ አንዴ ቢዞር 60 ትንፋሽ ይገኛል፤ ክፍተቱ 6 ዲግሪ ይሆናል። ደረቱ መሐል ላይ ያለ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ በ4 ደቂቃ 200 ዲግሪ መዞር ይበቃል፣ ክፍተቱም ወደ 3.3 ይወርዳል። በእያንዳንዱ ፕሮጀክሽን የሚሰጠው ጨረር ግን በዚያው ልክ መቀነስ አለበት፤ አለዚያ ሕመምተኛው አራት እጥፍ ይወስዳል።

የወሰዳችሁት መረጃ የአንድ ደቂቃ ከሆነ ምርጫው አልጎሪዝም ነው፤ እያንዳንዱ ዋጋ ያስከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የፌልድካምፕ ዘዴ በየፌዙ ብቻውን ሲሠራ የምታዩትን ጭረት ይሰጣል። ማኪነንና ቤትስ ያቀረቡት መንገድ በመጀመሪያ ከሁሉም ፕሮጀክሽን አንድ ብዥ ያለ ምስል ይሠራል፣ ከዚያ ከየፌዙ ጋር ያለውን ልዩነት ብቻ ይጨምራል። ፈጣን ነው፣ ጭረቱም በጣም ይቀንሳል፤ ግን የሚንቀሳቀሰው ነገር ዙሪያ ጥላ ይቀራል። አርቲኬ ውስጥ ያለው ሩስተር የሚባል ዘዴ በየፌዙ መካከል ያለውን ለውጥ ለስላሳ እንዲሆን እያስገደደ ደጋግሞ ያርማል። ማለስለሻውን ካበዛችሁበት ግን ቀጫጭን የሳንባ ሥሮች ይጠፋሉ፤ ከዚህ የከፋው የኳሱ ጉዞ ማጠሩ ነው። ምስሉ ሲያምር 20 ሚሊሜትሩ 17 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ለጨረር ሕክምና ያማረ ምስል ሳይሆን የታመነ ጉዞ ነው የሚፈለገው፤ ሥራችሁን በዚህ መዝኑት። ዲፕ ለርኒንግም ላይ የምፈራው ይህንኑ ነው፤ ጭረቱን ሲያጠፋ የኳሱን ጫፍ አብሮ ቢያጠፋ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታወቅም።

እንቅስቃሴውን አስቀድሞ ከዕቅዱ 4ዲ ሲቲ አውቆ ሁሉንም ፕሮጀክሽን ወደ አንድ ፌዝ የሚያጥፈው ዘዴ ከሁሉም የጠራ ምስል ይሰጣል። የሚወድቀውም እዚያው ነው፦ የዛሬው ትንፋሽ ዕቅድ የተሠራ ዕለት ከነበረው ከተለየ ኳሱ ድርብ ጠርዝ ያወጣል።

ምልክቱን ከፕሮጀክሽኑ ለማውጣት አምስተርዳም ሽራውድ የሚባለውን ተጠቀሙ። አሠራሩ፦ የእያንዳንዱን ፕሮጀክሽን ሎጋሪዝም ውሰዱ፣ ከላይ ወደ ታች ለውጡን አስሉ፣ በአግድም ደምሩት። ከእያንዳንዱ ፕሮጀክሽን አንድ ቀጭን ዓምድ ይወጣል። ዓምዶቹን ጎን ለጎን ስትደረድሯቸው የድያፍራሙ ጠርዝ እንደ ማዕበል ይታያል። ድያፍራሙ ከምስሉ ውጭ ከሆነ ወይም የጠረጴዛው ጠርዝ ጣልቃ ከገባ ማዕበሉ ይጠፋል፤ ከመደመራችሁ በፊት ያንን ቦታ ቁረጡት።

ቦርከና፣ ኮምቦልቻ

እጅግ እናመሰግናለን። ምስሎቹን ከፈትን፤ እውነትም የመጨረሻዎቹ ሦስት መጋጠሚያዎች ከመጀመሪያዎቹ ይብሳሉ። አንድ ጥያቄ ቀረን፦ ፋንተሙ ሁሌም እኩል ስለሚተነፍስ ነገሩን አቅልለን እንዳናይ ሠጋን። እንደ ሰው ለማድረግ ምን ይጨመር? ፌዙ በጊዜ ይከፈል ወይስ በከፍታ?

ሐረጎ

አብሽር፣ ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው አንዱን ትንፋሽ 12፣ ቀጣዩን 20 ሚሊሜትር ሊያደርግ ይችላል። በጊዜ ስትከፍሉ ሁለቱም ጫፎች “ዜሮ በመቶ” ተብለው አንድ ፌዝ ውስጥ ይገባሉ፤ ሰዓቱ ፍጹም ቢሆንም መጋጠሚያው በ8 ሚሊሜትር ይሰበራል። በከፍታ ስትከፍሉ ይህ ይጠፋል፤ ግን በአንዳንድ የጠረጴዛ ቦታ 20 ላይ የደረሰ ትንፋሽ ስለማይኖር ፌዙ ባዶ ይሆናል። ባዶውን ባዶ ብላችሁ አሳዩት፣ በግምት አትሙሉት። የእኔ ምክር በከፍታ መክፈል ነው፤ ለድልደላው ማጣቀሻ የማስወጫው ጫፍ ይሁን፣ ከሁሉም የሚደጋገመው እሱ ነውና።

ፋንተሙ ላይ ሦስት ኩርባ ጫኑ። አንዱ አሁን ያለው እኩል ነው። ሁለተኛው የዑደቱ ርዝመት ከ3 እስከ 6 ሰከንድ፣ ከፍታውም ከ10 እስከ 20 የሚዋዥቅ ይሁን፤ ያኔ በየቦታው ቢያንስ 6.5 ሰከንድ ማንሣት ግድ ይላል። ሦስተኛው ሕመምተኛ ጠረጴዛ ላይ ሲቆይ እንደሚሆነው መነሻው ቀስ እያለ የሚንሸራተት፣ በደቂቃ 3 ሚሊሜትር የሚወርድ ይሁን። መለኪያው ለሦስቱም አንድ ነው፦ የኳሱ መካከል ከሞተሩ መዝገብ በ1 ሚሊሜትር ውስጥ፣ ይዘቱ ከ14.1 ሴንቲሜትር ኩብ ብዙ ሳይርቅ። ሦስተኛውን ያለፈ ዘዴ ካገኛችሁ ያኔ ስለ አልጎሪዝም እናውራ።

ከዚያም ከፍተኛውን ጥግግት የሚያሳየውን ምስል ሠርታችሁ ኳሱ የረገጠውን ቦታ ሁሉ አስምሩ፤ ዕቅድ ሠሪው የእንቅስቃሴ ወሰን የሚያወጣው ከዚያ ነው። ይህ ለሳንባ ይሠራል። ዕጢው ድያፍራም አጠገብ ከሆነ ግን ጉበቱ ራሱ ብሩህ ስለሆነ ዕጢውን ይውጠዋል፤ እዚያ ላይ ፌዝ በፌዝ ማስመር እንጂ አቋራጭ የለም።

አይጠየፍ፣ ደሴ

ስለ ሰው ከተነሣ አይቀር ከስካን ክፍሉ በኩል ልጨምር። ትንፋሽን ከመደልደል የሚቀለው ትንፋሹ መጀመሪያውኑ እንዳይዋዥቅ ማድረግ ነው፤ ይህ ደግሞ ከአፋችን በሚወጣው ቃል ይወሰናል። “ይተንፍሱ” ሲባል ግማሹ ሰው አየር ይስባል፣ ግማሹ ያስወጣል። ቃሉ ሁለቱንም ይዟልና ጥፋቱ የሕመምተኛው አይደለም። “አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፣ አሁን ቀስ ብለው ያስወጡ” ይባል፤ ከዚህ ሌላ ቃል አይጨመር፣ ሁልጊዜ በዚያው ድምፅና በዚያው ፍጥነት። ደሴና ኮምቦልቻ የሚመጣው ሰው ሁሉ አማርኛ አፉን የፈታበት አይደለም፤ ከከሚሴ በኩል ኦሮምኛ፣ ከቆላው አፋርኛ ተናጋሪ ይመጣል። ያንኑ መመሪያ በሦስቱም ቋንቋ ቀድቶ ማጫወት ትርፉ ብዙ ነው።

ሰውየው ጠረጴዛ ላይ ከተኛ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ይረፍ፤ ያ ጊዜ የመነሻውን መንሸራተት ይቀንሰዋል። የትንፋሽ ምልክት የሚሰጠው ሳጥን ከደረት አጥንት ጫፍና ከእምብርት መካከል፣ ባዶ ቆዳ ላይ ወይም በጣም ቀጭን ልብስ ላይ ይቀመጥ። ብርድ ነው ተብሎ ጋቢ ከለበሰ ጋቢው ላይ አይቀመጥም፤ ጋቢው ተጣጥፎ ሆዱ ሲነሣ ሳጥኑ በግማሹ ብቻ ይነሣል። እግሩን እንሸፍንለት፣ ሆዱን እንተወው። ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ነገ ሳጥኑ ሁለት ሴንቲሜትር ቢሸሽ የትንፋሹ ከፍታ ይለወጣል፣ ያው ሰው ሌላ ሰው ይመስላል።

ፋንተማችሁም ይህን ቢፈትን ጥሩ ነው። ኳሱን በአንድ ሞተር፣ የሆድ ምትክ የሆነውን ሳጥን በሌላ ሞተር አንቀሳቅሱና በመካከላቸው የ0.3 ሰከንድ መዘግየት አስገቡ። ሆድና ዕጢ ሁልጊዜ አንድ ላይ አይሄዱም።

ቦርከና፣ ኮምቦልቻ

ሁለተኛውን ሞተር ዛሬውኑ ዝርዝሩ ላይ ጨመርን። ድራይቨሩ 1/4 ላይ ወርዷል፣ ሲኔው 5 ሰከንድ ሆኗል። የሚቀጥለው ስካን እንደ ጦሳ ሥር ምክር በአንድ የጠረጴዛ ቦታ ብቻ ለ20 ሰከንድ ይሆናል፤ የምስሉ ጊዜ የዙሩ መጀመሪያ ይሁን መካከሉ ስንለይ ሁለቱን ኩርባዎች እዚሁ እንለጥፋለን።